ካርታውን ከመስቀላችን በፊት ውሉን እናንብብ



ከ2025 መግቢያ ወዲህ በማደሪያ ቤቶቻችንና በሻይ ክበቡ በረንዳ አንድ ክርክር እየተነሣ ይወድቃል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ንግግር የፓናማን ቦይ መልሰን እንወስዳለን አሉ። በዚያው ዕለት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በመንግሥታቸው ሰነዶች ሁሉ «የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ» ተብሎ እንዲጻፍ ትእዛዝ ፈረሙ። ካናዳ 51ኛዋ ግዛታችን ብትሆን ይበጃታል፣ ግሪንላንድም ታስፈልገናለች የሚለውንም ደጋግመው ተናገሩ። ከመካከላችን ገሚሱ «ይህ የአንድ ሰው ጠባይ ነው፣ ሰውየው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ተዉን እባካችሁ፣ ጉልበተኛ ምን ጊዜም ጉልበተኛ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ከዚያ ደወል ይደወላል፣ ክርክሩም ይበተናል።

እኛ የዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች ሁለቱንም አባባሎች አንቀበልም። የመጀመሪያው የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ የአንድ ሰው ቁጣ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሁሉን ነገር በአንድ ቃል ስለሚጨርስ ለማስተማር አይመችም፤ ነገ ክፍል ውስጥ ቆመን «ጉልበተኛ ጉልበተኛ ነው» ብንል ተማሪው በደብተሩ ላይ ምን ይጽፋል? እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ዩናይትድ ስቴትስ በጐረቤቶቿ ላይ የተስፋፋችው በመድፍ ብቻ አይደለም። ከመድፉ በፊት ምክንያት፣ ከመድፉ በኋላ ደግሞ ወረቀት ነበረ። ምክንያቱ ሲጣራ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ወረቀቱ ግን ይቀራል፣ ካርታም ይሆናል፣ ካርታውም በክፍላችን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እንግዲህ ካርታውን የሚያስተምር ሰው ወረቀቱን ማንበብ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከሜክሲኮ እንጀምር። በብዙ አጫጭር የታሪክ ማስታወሻዎች ውስጥ ካሊፎርኒያና በዙሪያዋ ያለው አገር በ1848 «በ15 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ገንዘቡ ተከፍሏል። ነገር ግን ከእናቱ ጋር ገበያ የወጣ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ሻጩ ሊሸጥ ፈልጎ ነበር ወይ?

አልፈለገም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቴክሳስ የሜክሲኮ ግዛት ነበረች። ከዩናይትድ ስቴትስ የመጡ ሠፋሪዎች በዙባት፤ ብዙዎቹም ባሮቻቸውን ይዘው የገቡ ነበሩ፣ ሜክሲኮ ግን በ1829 ባርነትን በአዋጅ ሽራ ነበር። በ1836 ሠፋሪዎቹ ነፃነት አወጁ፣ በ1845 ቴክሳስ ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ተቀላቀለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሬዚዳንት ጄምስ ፖልክ ካሊፎርኒያንና ኒው ሜክሲኮን ለመግዛት ጆን ስላይደል የሚባል መልክተኛ ላኩ። የሜክሲኮ መንግሥት መልክተኛውን አልቀበልም አለ። በጃንዋሪ 1846 ፖልክ የጄኔራል ቴይለር ጦር የኑዌሴስን ወንዝ አልፎ እስከ ሪዮ ግራንዴ እንዲጠጋ አዘዙ። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው መሬት አከራካሪ ነበር፤ ሜክሲኮ የእኔ ነው ትላለች። በኤፕሪል የሜክሲኮ ፈረሰኞችና የአሜሪካ ቃፊሮች ተጋጩ፣ ሰው ሞተ። ፖልክም የአሜሪካ ደም በአሜሪካ ምድር ፈሰሰ ሲሉ ለኮንግረሱ አመለከቱ። ጦርነቱ በሜይ 1846 ታወጀ።

«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ነገር የተተረተ ነው። ግን ምክንያቱን የጠረጠርነው እኛ ከሩቅ የምናየው ብቻ አይደለንም። በዲሴምበር 1847 ከኢሊኖይ የተመረጡ አንድ አዲስ የምክር ቤት አባል ተነሥተው ያ ደም የፈሰሰበት ቦታ በትክክል የት እንደሆነ ይነገረን የሚል የጥያቄ ሰነድ አቀረቡ። እኚህ ሰው አብርሃም ሊንከን ነበሩ። በዚያ ጦርነት በወጣት መኮንንነት የዘመቱትና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዩሊሲስ ግራንትም ጦርነቱ ፍትሕ የጐደለው እንደነበር በማስታወሻ መጽሐፋቸው ውስጥ ሳይሸሽጉ ገልጸዋል። እንግዲህ አሜሪካን ስንተች ከአሜሪካውያን ጋር አብረን እየተቸን መሆናችንን አንርሳ።

ሜክሲኮ ከተማ በሴፕቴምበር 1847 ተያዘች። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ተፈረመ። ዛሬ ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳና ዩታ የሚባሉት በሙሉ፣ አሪዞና በአብዛኛው፣ ከኒው ሜክሲኮ፣ ከኮሎራዶና ከዋዮሚንግም ከፊሉ የዩናይትድ ስቴትስ ሆነ። ቴክሳስ ሲጨመር ሜክሲኮ ከግማሽ በላይ የሚሆን ምድሯን አጣች። ወርቁስ? በካሊፎርኒያ ወርቅ የተገኘው ውሉ ከመፈረሙ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ለፈራሚዎቹ ወሬው አልደረሳቸውም ነበር።

ከውሉ ውስጥ ግን እኛን ይበልጥ የሳበን የተሰረዘው አንቀጽ ነው። አንቀጽ 10 የሜክሲኮ መንግሥት የሰጣቸው ርስቶች እንዲከበሩ የሚያደርግ ነበር። የአሜሪካ ሴኔት ውሉን ሲያጸድቅ ይህን አንቀጽ አወጣው። በ1851 ደግሞ የካሊፎርኒያ ባለርስቶች መብታቸውን በኮሚሽን ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ብዙው ባለርስት በመጨረሻ ቢረታ እንኳ መሬቱ የጠበቃና የአበዳሪ ሲሳይ ሆነ። ከገጠር የመጣን ሠልጣኞች ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የርስት ክርክር በሬ እንደሚያስሸጥ አባቶቻችን ነግረውናል።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ዘዴው ረቀቀ። ሜክሲኮን መጫን ማለት መሬቷን ቆርሶ መቀላቀል ነበር። በኩባ ግን አገር ሳይቀላቀሉ መያዝ እንደሚቻል ታየ።

ኩባውያን ከ1868 እስከ 1878፣ እንደገናም ከ1895 ጀምሮ ከእስፓኝ ጋር ተዋግተዋል። መሪያቸው ሆሴ ማርቲ ኒው ዮርክ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ስለነበር ሰሜናዊውን ጐረቤት ጠንቅቆ ያውቃል። በሜይ 1895 በጦር ሜዳ ከመውደቁ በፊት በነበረው ቀን በጀመረውና ባልጨረሰው ደብዳቤ ላይ፣ የድካሙ ሁሉ ዓላማ ዩናይትድ ስቴትስ በአንቲልስ ደሴቶች ላይ እንዳትዘረጋ መከላከል መሆኑን ለወዳጁ ገልጾ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1898 ሜይን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሐቫና ወደብ ውስጥ ፈነዳ። ከ260 በላይ ሰዎች አለቁ። የኒው ዮርክ ጋዜጦች እስፓኝን ከሰሱ፣ በኤፕሪልም ጦርነት ሆነ። አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር በ1976 ያሳተሙት ጥናት ግን ፍንዳታው ከውስጥ የተነሣ፣ ምናልባትም በድንጋይ ከሰል መጋዘኑ በተነሣ እሳት የመጣ መሆኑን ያመለክታል። ጥናቱ የደረሰው ከ78 ዓመት በኋላ ነው። ምክንያት እስኪጣራ አገር አይጠብቅም።

ጦርነቱ ሲታወጅ የአሜሪካ ኮንግረስ በሴናተር ቴለር አቅራቢነት ኩባን የመግዛት ሐሳብ የለንም ብሎ በጽሑፍ ቃል ገብቶ ነበር። ጥሩ ቃል ነበር፤ ይህንንም ለተማሪ መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ሳንቲያጎ በጁላይ 1898 እጇን ስትሰጥ ለዓመታት ሲዋጋ የኖረው የጄኔራል ካሊክስቶ ጋርሲያ የኩባ ጦር ወደ ከተማይቱ እንዳይገባ ተከለከለ። በዲሴምበር ፓሪስ ላይ ውል ሲፈረም ኩባውያን ከጠረጴዛው አልተቀመጡም። ፖርቶ ሪኮና ጉዋም ተወሰዱ። ፊሊፒንስም በ20 ሚሊዮን ዶላር «ተገዛች»። አሁንም ያች ቃል!

ኩባስ? በማርች 1901 ያው ቃል የገባው ኮንግረስ በጦር ሠራዊቱ የበጀት ሕግ ላይ አንድ ተቀጽላ አከለ። የፕላት ማሻሻያ ይባላል። ይዘቱ ባጭሩ ይህን ይመስላል፤ ኩባ ነፃነቷን የሚነካ ውል ከሌላ አገር ጋር አትዋዋልም፤ ከአቅሟ በላይ ብድር አትበደርም፤ ዩናይትድ ስቴትስ የኩባን ነፃነትና ጸጥታ ለመጠበቅ ስትል ጣልቃ የመግባት መብት አላት፤ ለባሕር ኃይሏ የሚሆን ቦታም ትሸጥላታለች ወይም ታከራያታለች። ይህ ሁሉ በኩባ ሕገ መንግሥት ላይ እንዲጨመር፣ በቋሚ ውልም እንዲጸና ተጠየቀ። አንድ አገር ነፃነቷን «ለመጠበቅ» ሲባል ሌላው ጣልቃ ይግባባት ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? የኩባ ጉባኤተኞች ተከራከሩ፣ ተቃወሙ፣ ወደ ዋሽንግተንም መልክተኞች ላኩ። መልሱ አንድ ነበር፤ ይህን ካልተቀበላችሁ ጦሩ አይወጣም። በጁን 1901 በ16 ድምፅ ለ11 ተቀበሉት። ሜይ 20 ቀን 1902 የኩባ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። የደሴቲቱ ወታደራዊ አስተዳዳሪ የነበሩት ጄኔራል ሌናርድ ዉድ ራሳቸው በዚያው በ1901 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጻፉት ደብዳቤ ከማሻሻያው በኋላ ለኩባ የቀራት ነፃነት ከምንም የማይቆጠር መሆኑን አምነዋል።

ይህን ስናነብ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የማይታወሰን ማን አለ? በ1889 የተፈረመው ውል በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻላታል ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ነገሩ በአንድ ግስ ላይ ቆመ፣ መጨረሻው አድዋ ሆነ። ለኩባውያን ግን የግስ ክርክር እንኳ አልደረሳቸውም። የእነሱ ወረቀት በእንግሊዝኛውም በእስፓንኛውም አንድ ነገር ነበር የሚለው፣ ጦሩም ከተማቸው ውስጥ ሠፍሮ ነበር። ልዩነቱ የጀግንነት አይደለም፤ ኩባውያን ሠላሳ ዓመት ደም አፍስሰዋል። ልዩነቱ ውሉ በቀረበ ጊዜ የማን ጦር የት ነበር የሚለው ነው።

በፕላት ማሻሻያ ውስጥ አንባቢ ዘልሎት የሚያልፍ አንድ ትንሽ አንቀጽ ደግሞ አለ። የፓይን ደሴት ከኩባ ወሰን ውጭ ሆና ትቆይ፣ የማን መሆኗ ወደፊት በውል ይወሰን ይላል። በዚህ አንቀጽ ተማምነው አሜሪካውያን ወደ ደሴቲቱ ገቡ፣ መሬትም ገዙ። የኩባ መሆኗን የሚያረጋግጠው ውል በ1904 ተፈረመ፤ የአሜሪካ ሴኔት ያጸደቀው ግን በ1925 ነው። ሃያ አንድ ዓመት! ይህች ደሴት ከ1978 ጀምሮ የወጣቶች ደሴት ትባላለች። እንዲህ ስንል በዕድሜ ገፋ ያሉት አሠልጣኞቻችን ቀና ይላሉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፣ ብዙዎቹም አባቶቻቸው በኦጋዴን ጦርነት የወደቁባቸው፣ ባሕር ተሻግረው የተማሩት እዚያች ደሴት ላይ ነው። ስለዚያ ዘመን መንግሥት ማናችንም የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚያ ልጆች ፊደል የቆጠሩባት መሬት ግን አንድ ጊዜ በአንድ የበጀት ሕግ ተቀጽላ ባለቤት አልባ ተደርጋ እንደነበር ማወቅ ደግ ነው።

የፕላት ማሻሻያ በ1934 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ተሻረ። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ጦር ከ1906 እስከ 1909 ኩባን ዳግመኛ ይዞ አስተዳድሯል፣ በ1912ና በ1917ም ተመልሶ ገብቷል። ማሻሻያው ቢሻርም አንድ ልጅ ወልዶ ሄዷል፤ ጓንታናሞ። ቦታው በ1903 የተከራየው በዓመት 2,000 ዶላር በወርቅ ሲሆን፣ ኋላ ኪራዩ 4,085 ዶላር ሆነ። በ1934 ውል መሠረት ኪራዩ የሚያበቃው ሁለቱም መንግሥታት ሲስማሙ ወይም አሜሪካ ቦታውን ትታ ስትሄድ ብቻ ነው። ቤት ያከራየ ሰው ሁሉ ይህን ውል ቆም ብሎ ያስብበት! አከራዩ ተከራዩን ውጣልኝ ሊለው አይችልም፣ ኪራይም ሊጨምርበት አይችልም። የኩባ አብዮታዊ መንግሥት ከ1959 በኋላ ቼኩን አልመነዝርም ብሎ ተቃውሞውን ገልጿል። ከ2002 ጀምሮ ዓለም ስሙን የሚያውቀው ያ እስር ቤት የተሠራው በዚሁ የኪራይ መሬት ላይ ነው።

ወደ ፓናማ እንለፍ፣ የዛሬው ክርክር የተነሣው ከዚያ ነውና።

ፓናማ የኮሎምቢያ ክፍል ነበረች። ዩናይትድ ስቴትስ ሁለቱን ውቅያኖሶች የሚያገናኝ ቦይ ለመቆፈር ፈለገች፣ ከኮሎምቢያ መልክተኛ ጋርም ውል ተዋዋለች። በኦገስት 1903 የኮሎምቢያ ሴኔት ውሉን ጣለው። ኖቬምበር 3 ቀን ፓናማ ነፃነቷን አወጀች፤ ናሽቪል የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኮሎን ወደብ ቆሞ ነበር፣ የኮሎምቢያም ጦር አመፁን ሊያበርድ አልቻለም። ኖቬምበር 6 ቀን ዋሽንግተን ለአዲሲቱ አገር እውቅና ሰጠች። ሦስት ቀን! ኖቬምበር 18 ቀን ደግሞ ውል ተፈረመ። በፓናማ ስም የፈረመው ማን ነበር? ፊሊፕ ቡኖ ቫሪያ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ። የፓናማ መልክተኞች በባቡር ዋሽንግተን የደረሱት በዚያው ምሽት ውሉ ከተፈረመ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። ጣቢያው ላይ ተቀብሎ የምሥራቹን የነገራቸውም እሱ ራሱ ነበር።

ውሉ አሥር ማይል ስፋት ያለው መሬት «ለዘለዓለም» ለዩናይትድ ስቴትስ ሰጠ፤ በዚያም መሬት ላይ ሉዓላዊ ብትሆን ኖሮ በሚኖራት ሥልጣን ሁሉ ትሠራበታለች አለ። ይህ «ብትሆን ኖሮ» የሚለው አነጋገር እንዴት ያለ ብልጠት ነው! የሰዋስው መምህራኖቻችን በክፍል ቢተነትኑልን ደስ ባለን። ባለቤቷ አንቺ ነሽ፣ ግን ባለቤት ብሆን የማደርገውን ሁሉ አደርጋለሁ ማለት ነው። ክፍያው 10 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ 250,000 ዶላር ነበር። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1911 ካሊፎርኒያ ላይ ባደረጉት ንግግር የቦዩን አካባቢ እኔ ወሰድሁት፣ ኮንግረሱ ይከራከር ብለው በአደባባይ ኮሩበት። በ1921 የጸደቀ ውል ደግሞ ለኮሎምቢያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል አደረገ። ምንም ካላጠፉ ካሣው ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

በቦዩ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ለመምህራንና ለእጩ መምህራን ይበልጥ የሚቀርበን ግን የ1964ቱ ነው። በቦዩ ክልል ባሉ ትምህርት ቤቶች የፓናማ ባንዲራ ከአሜሪካው ጎን ይሰቀል ወይስ አይሰቀል የሚል ጠብ ነበር። ሁለቱም ይሰቀሉ ተብሎ ተስማምተው ሳለ የቦዩ አስተዳዳሪ በትምህርት ቤቶች ደጅ የማንም ባንዲራ አይሰቀል ብለው አዘዙ። የባልቦዋ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ተማሪዎች ትእዛዙን ጥሰው የራሳቸውን ሰቀሉ። ጃንዋሪ 9 ቀን ሁለት መቶ ያህል የፓናማ ብሔራዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ባንዲራ ይዘው ወደ ባልቦዋ አመሩ። በግፊያው መካከል ባንዲራቸው ተቀደደ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ሁከት ሃያ ያህል ፓናማውያንና አራት የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ፣ ፓናማም ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ከዚያ ሞት በኋላ ነው «ለዘለዓለም» የሚለው ቃል መነቃነቅ የጀመረው። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተርና ጄኔራል ቶሪሆስ አዲስ ውል ተፈራረሙ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1999 ቦዩ ለፓናማ ተሰጠ። በመካከሉ በዲሴምበር 1989 የአሜሪካ ጦር ፓናማን ወርሮ ጄኔራል ኖሪዬጋን ይዞ ሄዷል። ያም ሆኖ ውሉ ተከበረ። ይህን ማለት አለብን፤ የተወሰደን ነገር በውል የመለሱ አሜሪካውያን ነበሩ፣ ለዚያም በአገራቸው ብዙ ተሰድበዋል። እንግዲህ በ2025 «መልሰን እንወስዳለን» የተባለው ይህ ነው። መልሰን የሚለው ቃል ታሪኩን ከ1999 እንጂ ከ1903 አይጀምረውም።

ሌሎቹን በሩጫ እናልፋለን። በዲሴምበር 1914 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ከሃይቲ ብሔራዊ ባንክ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ አውጥተው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዱ። በ1915 ሃይቲ ተያዘች፣ እስከ 1934 አልተለቀቀችም። በመካከሉ የሃይቲ ምክር ቤት የውጭ ሰው መሬት እንዲገዛ የሚፈቅድ ሕገ መንግሥት አላጸድቅም ቢል ተበተነ፤ ሕገ መንግሥቱም በ1918 በወረራው ሥር በተደረገ ድምፅ አሰጣጥ «ጸደቀ»። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከ1916 እስከ 1924፣ ኒካራጓ ከ1912 እስከ 1933 ጥቂት ጊዜ ብቻ ተቋርጦ። ለዚህ ሁሉ መሠረት የተደረገው ፕሬዚዳንት ሞንሮ በ1823 ለኮንግረሱ ያቀረቡት መልእክት ነበር። መልእክቱ የአውሮፓ መንግሥታት በአሜሪካ አህጉር አዲስ ቅኝ ግዛት እንዳይዙ የሚል ነው፤ ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1904 ሲያብራሩት ግን ዩናይትድ ስቴትስ የአካባቢው ፖሊስ ትሆናለች ወደሚል ተለወጠ። ሌባ እንዳይገባ አጥር እጠብቅልሃለሁ ያለ ጐረቤት ጓዳ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ከሠልጣኞች ወደሚነሣው ቅሬታ እንመለስ። «ሌሎቹስ ኃያላን ከዚህ የተሻለ ምን ሠሩ?» ይባላል። ልክ ነው፤ እንግሊዝም ፈረንሳይም ኢጣሊያም ሩሲያም በየጊዜው የሠሩት አለ፣ በየተራው ይጻፍበታል። የአንዱ ግፍ የሌላውን አያጥብም። «ዘመዶቻችን እዚያ ሠርተው ይልኩልናል፣ እኛስ ዲቪ ሞልተን አናውቅም ወይ?» የሚልም አልጠፋም። ሞልተናል! ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነውም መካከል የሞላ አለ። ሠርቶ ለማደር ወደ አንድ አገር መሄድ መፈለግና የዚያን አገር ታሪክ ሳይሸራርፉ ማስተማር ግን የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። እንዲያውም ሊንከንን ከነጥያቄያቸው የሚያውቅ ሰው እዚያ ሲደርስ ከማያውቀው የተሻለ እንግዳ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ግሪንላንድንም ሳንነካ አናልፍም። በ1916 ዩናይትድ ስቴትስ በካሪቢያን ባሕር ያሉትን የዴንማርክ ደሴቶች ለመግዛት ስትዋዋል፣ ዴንማርክ ጥቅሟን በመላው ግሪንላንድ ብታስፋፋ ተቃውሞ የለንም የሚል መግለጫ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በሮበርት ላንሲንግ ፊርማ ሰጥታለች። ደሴቶቹ በ1917 በ25 ሚሊዮን ዶላር ተላለፉ። መግለጫው ዛሬም አለ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ለግሪንላንድና ለፓናማ ቦይ የጦር ኃይል አይጠቀሙም ወይ ተብለው ሲጠየቁ ዋስትና አልሰጥም ብለዋል። ትንሹ አገር የትልቁን ፊርማ በሣጥን ያስቀምጣል፤ ትልቁ የራሱን ፊርማ ይረሳል።

የሜክሲኮዋ ፕሬዚዳንት ክላውዲያ ሼንባውም የባሕረ ሰላጤው ስም ወሬ እንደተነሣ በጃንዋሪ 2025 ለጋዜጠኞች የሰጡትን መልስ በጣም ወደድነው። አልጮኹም። በ1607 የተሠራ አሮጌ ካርታ አሰቅለው፣ ሰሜን አሜሪካ በዚያ ላይ «ሜክሲካዊት አሜሪካ» ተብሎ እንደተጻፈ አሳዩና እኛስ እንዲህ ብለን ብንጠራት ምን ይመስላችኋል አሉ። ጥሩ መምህር የሚያደርገው ይህን ነው። በተቃራኒው በፌብሩዋሪ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ማለቱን አልተውም በማለቱ ጋዜጠኞቹ ወደ ዋይት ሐውስ ዝግጅቶች እንዳይገቡ ተከለከሉ።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ለምትወጡ ሠልጣኞች ሐሳባችን ቀላል ነው። የሰሜን አሜሪካን ካርታ ስትሰቅሉ በአንዱ ወሰን ላይ፣ ሪዮ ግራንዴ ቢሆን ይመረጣል፣ ጣታችሁን አሳርፉና ተማሪዎቹ ይጠይቁ፤ ውሉን ማን ፈረመ? ሲፈረም ጦሩ የት ነበር? ውሉ መቼ ያልቃል? መልሱን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ አይዳረስም የምትሉ ኩባን ብቻ ውሰዱ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ባሕረ ሰላጤውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት እስከ ዛሬ በተጻፈበት ስም ነው፤ የአንድ አገር መንግሥት ለራሱ መሥሪያ ቤቶች የሰጠው ትእዛዝ የእኛን ጠመኔ አያዝም።

የፕላትን ማሻሻያ ስምንት አንቀጾች ወደ አማርኛ መልሰናቸዋል። በሚቀጥለው እትም ከካርታው ጎን ይለጠፋሉ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ጣልቃ የመግባት መብት» የሚለው አተረጓጐም አላስማማንም፤ የተሻለ ቃል ያለው ሠልጣኝ ወይም አሠልጣኝ እስከ ዓርብ ድረስ በሐሳብ መስጫው ሣጥን ውስጥ ይጨምርልን።